የጨረሰ ሰው ፍለጋ

እህቴ እዚህ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ደውላ «ጋሽዬ፣ ነርስ ልሆን ነው» ያለችኝ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ መኪና እያቆምኩ ነበር።

«ማን ነው የነገረሽ?» አልኳት።

«እንኳን ደስ አለሽ አይባልም?»

«እንኳን ደስ አለሽ። ማን ነው የነገረሽ?»

ሳቀች። ጠባዬን ታውቀዋለች። ባሏን ልታስተዋውቀኝ ቤቴ ይዛው የመጣች ቀን መታወቂያውን አሳየኝ ብለሃል እያለች እስካሁን ታማኛለች። አላልኩም። የት እንደሚሠራ ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ በማግስቱም ሄጄ አይቼዋለሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጋዜጠኝነት ነው። ግማሹ አዲስ አበባ አለቀ፤ ቀሪውን እዚህ እየጨረስኩት ነው። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት የሚቆይ የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ዜና አለው፣ የኢሚግሬሽንና የሥራ ጉዳይ አለው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አድማጮች የሚልኩትን መልእክት አነባለሁ። አንድን ነገር ከሁለት ቦታ ሳላረጋግጥ ዜና ብዬ አላነብም። በዚህ እኮራ ነበር።

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሰኛለች። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ናት። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ታነሳለች። መድኃኒት መስጠት አይፈቀድላትም፤ መድኃኒቱን በጋሪ እየገፋች የምትሰጠው ነርሷ ናት። እህቴ ከዚያ ጋሪ ኋላ ሰባት ዓመት ሄዳለች። በሰባተኛው ዓመት ግን ወገቧ ያማት ጀመር፤ ሐኪሙም ሰው ማንሳት ካላቆመች እንደሚብስባት ነግሯታል። ስለዚህ «ነርስ ልሆን ነው» ስትል ቀልድ አልነበረም። ወገቧ ከመክዳቱ በፊት የቀሯትን ጥቂት ዓመታት በአንድ ትምህርት ላይ ልታውል ነው። ትምህርቱ የማይሆን ከሆነ ሌላ ዕድል የላትም።

«ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው» አለችኝ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምማረው።»

«መርፌውንስ በኦንላይን ነው የምትወጊው?»

«አንተ ደግሞ! የኮሌጁ አማካሪ፣ አድቫይዘሯ፣ ሁሉንም አስረድታኛለች። የትምህርት ብድሩን፣ ሎኑንም እሷው ፕሮሰስ ታደርገዋለች። እስከ ዓርብ ሳይን ካላደረግሽ ቦታሽ ያልፋል ብላኛለች።»

ያን ጊዜ ነው ጥርጣሬው የገባኝ። ክፍል የሌለው፣ ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት ቦታው እንዴት ነው የሚሞላው?

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ አፓርታማዋ ጠበቅኳት። ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችኝ። ኮሌጁ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ቢሮው ከእኛ ብዙ ስቴቶች ርቆ ነው ያለው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንገቷ ላይ የሐኪም ማዳመጫ ያንጠለጠለች ፈገግተኛ ሴት አለች። ፈገግታው ምንም አልነገረኝም። ከታች በደቃቅ ፊደል ወደ ተጻፈው ካታሎግ ገባሁ። ማንበብ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ እህቴ መሀል ላይ እራት አቅርባልኝ እሱም ቀዘቀዘ።

ካታሎጉ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። አንደኛው ፕሮግራሙ የጤና አገልግሎት አስተዳደር እንደሆነና ለነርስነት ፈቃድ እንደማያበቃ ይናገራል። ሁለተኛው ክሬዲቱን ሌላ ኮሌጅ መቀበል አለመቀበሉ በተቀባዩ ኮሌጅ ይወሰናል ይላል። የስቴቱን የነርሶች ቦርድ ዝርዝርም ከፈትኩ። ያጸደቃቸው ትምህርት ቤቶች በፊደል ተራ ተቀምጠዋል። የኮሌጁ ስም የለበትም።

«አውቃለሁ» አለች፣ ሳልጨርስ። «ነግራኛለች። ይሄ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ይሄን ጨርሼ ክሬዲቱን ይዤ ነርሲንግ እገባለሁ።»

«የት?»

«አንዱ ጋ ነዋ!»

ቀጥዬ ስጠይቃት ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የመንግሥት መለያ ቁጥሯን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት የትምህርት ብድር የሚጠየቅበትን ፓስዎርድም ለአድቫይዘሯ ሰጥታታለች። «እኔ እሞላልሻለሁ አለችኝ፤ ምን ልበላት?» አለች።

ልቆጣት አልቻልኩም። ይህ የእኛው ስህተት ነው። አገር ቤት ዲቪ ስንሞላ ፎርሙን ራሱ የሞላ ስንት ሰው ነበር? ኢንተርኔት ቤት ሄደን ስማችንን፣ የልደት ቀናችንን፣ ፎቷችንን እንሰጣለን፤ ልጁ ይሞላልናል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠናል። እህቴ አሜሪካ የገባችው በእንዲህ ያለ ብጣሽ ወረቀት ነው። ፎርም የሚሞላልን ሰው ባለውለታችን እንጂ የምንጠረጥረው ሰው አይደለም። ያኔ የሞላልን ልጅ የኮምፒውተር ኪራይ ተቀብሎ አበቃ። ይህችኛዋ ግን ስንት ሰው እንዳስፈረመች የሚቆጥር አለቃ ይኖራት ይሆናል።

ፓስዎርዱን እዚያው እያየሁ አስቀየርኳት። ቀየረች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

«ጋሽዬ፣ አንተ ወረቀት ነው የምታነበው። እኔ ሰው ነው የማየው። እዚያ ተምራ የጨረሰች የእኛ ሰው አለች። ጨርሳ ነርሲንግ ገብታለች።»

«ማን ናት?»

«ሴቨን ኮርነርስ ያለችው ባለሱቅ ዘመድ ናት። ባለሱቋን ጠይቃት።»

ረቡዕ ሴቨን ኮርነርስ ሄድኩ። ባለሱቋ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ ባንድ ላይ የምትሸጥ ፈጣን ሴት ናት። ድምፄን ከሬዲዮ አውቃዋለች።

«የእኔ ዘመድ? ኧረ በማርያም! ማነው ያለው?»

«እህቴ።»

«እህትህ አልሰማችኝም። የእኔ ዘመድ አላልኩም። የሹፌሩ ዘመድ ናት ነው ያልኩት። በልትስቪል ያለው፣ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው። እሱ ነው ፎቶዋን ያሳየኝ። በጋዎን! እንዴት ታምራለች መሰለህ።» ከዚያ ሚዛኑ ላይ ሽሮ እየጨመረች ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄን በሬዲዮ ልታወራው ነው? ስሜን እንዳትጠራ። ኋላ ደንበኛ ይቀየመኛል።»

«አልጠራም። አንቺ ራስሽ የጨረሰ ሰው አግኝተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ሱቅ ነኝ። የሚጀምር ሰው ነው እዚህ የሚመጣው፤ ማስቲካ ገዝቶ፣ አውርቶ ይሄዳል። የሚጨርስ ሰው ለእኔ ምን ሊነግረኝ ይመጣል?»

ሽሮውን ገዛሁ። ጠይቆ ባዶ እጅ መውጣት አይሆንልኝም።

ሹፌሩን በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ አገኘሁት፤ በሁለት ምልልስ መካከል መኪናውን አቁሞ ሳንድዊች ይበላ ነበር። ተጫዋች ሰው ነው። ስለ ኮሌጁ ስጠይቀው አፉን ጠርጎ ባለቤቱ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ እንደሆነች ነገረኝ።

«እዚያ ተምራ የጨረሰች ዘመድ አለችህ አሉ» አልኩት።

«ዘመዴ እንኳ አይደለችም። ፎቶው በቴሌግራም ነው የደረሰን። ይኸውልህ።» ስልኩን አሳየኝ። ጥቁር ጋዎንና ቆብ የለበሰች፣ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት። ከኋላዋ ውሃ፣ የእንጨት ድልድይና የታሰሩ ጀልባዎች። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ነው፤ ቦታውን አውቀዋለሁ።

«ታዲያ መጨረሷን ማን አረጋገጠላችሁ?»

ሹፌሩ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። መቀለዴ መስሎት ፊቴን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«አንተ ነሃ!»

«እኔ?»

«አንተ አይደለህ በሬዲዮ ያነበብከው? ‹በዲግሪ ለተመረቀችው እህታችን እንኳን ደስ አለሽ› ብለህ! ከሚስቴ ጋር መኪና ውስጥ ሆነን ሰማን። ሚስቴ፣ እሱ ካለውማ እውነት ነው አለች። በነጋታው ነው የተመዘገበችው። እና አሁን መጥተህ ማን ነገራችሁ ትለኛለህ? አይ ጋዜጠኛ!»

ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሐሙስ ጠዋት የድሮ ፕሮግራሞቼን አንድ በአንድ ከፍቼ አዳመጥኩ። አገኘሁት። ከአንድ የሐዘን መልእክትና ከአንድ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ መካከል ነው። የኮሌጁ ስም አለ፣ የሴትዮዋ ስም አለ፣ «በጤናው መስክ በዲግሪ» ይላል። ድምፁ የእኔ ነው፤ ዜና በማነብበት ድምፅ ነው ያነበብኩት። ላኪው የሴትዮዋ የአጎት ልጅ ነው፣ በአጭር የስልክ መልእክት። የሞት መልእክት ሲመጣ ደውዬ አረጋግጣለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ማንበብ ትልቅ ጥፋት ነው። ደስታን ግን አረጋግጬ አላውቅም። ደስታን ማን ይዋሻል ብዬ?

የአጎቷን ልጅ አግኝቼ ስልኳን ተቀበልኩት። ሴትዮዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ትሠራለች። የልጆቹ ምሳ ካለቀ በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ጠበቅኳት። ዝናብ ያካፋ ስለነበር መኪናዬ ውስጥ ገባች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን እንደመጡ አውቄዋለሁ» አለች። «አንድ ቀን አንድ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ስለ እህቴ ነገርኳት። ነገ ልትፈርም እንደሆነ፣ ስለ ወገቧም ነገርኳት። አልጫንኳትም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር።

«ጨርሰሽ ነበር?»

«አልጨረስኩም።»

ከዚያ በራሷ ቀጠለች። ጥቂት ኮርሶች ሲቀሯት ብድሩ ካቅሟ በላይ ሆነ። ተወችውና የተማረችውን ይዛ ክፍያው ዝቅ ወዳለ የመንግሥት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄደች። አዲሱ ኮሌጅ ከሠራቻቸው ኮርሶች አንዱንም አልተቀበላትም። ብድሩ ግን ቀረ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያለች እናቷ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። በደወለች ቁጥር እናትየው ስለ ሕመሟ አታወራም፤ «መቼ ነው የምትመረቂው?» ብቻ ነው ጥያቄዋ።

«የጎረቤቴ ልጅ ያን ሳምንት ተመርቃ ነበር። ጋዎኑን ተዋስኩ። ወንዙ ዳር ሄደን ተነሳሁ። ለእናቴ ብቻ ነበር፣ ጋሼ። ለአንድ ሰው ብቻ። እህቴ ፌስቡክ ላይ አወጣችው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ለእርስዎ ላከ። እርስዎ ሲያነቡት እዚሁ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ በስልኬ እያዳመጥኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ አልጨረስኩም ልበል? በሬዲዮ ተነግሮ?»

«ሰው እየደወለ ይጠይቅሻል?»

«ይጠይቁኛል። ጥሩ ነው ወይ ይሉኛል።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

የመስኮቱን ጉም በእጇ ጠረገች። «ጥሩ ነው እላለሁ።»

ለእህቴ ራሷ ደውላ እንድትነግራት ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ድናለች፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንድ ሰው ከሰማ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሁለት ቀን አይፈጅም። ስሟን ለማንም እንደማልናገር ቃል ገባሁላት፤ ይህን ቃል ለብዙ ሰው ሰጥቼ አውቃለሁ፣ አፍርሼውም አላውቅም። ከመኪናው ልትወርድ ስትል ቦርሳዋን ከፈተችና ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የኮሚኒቲ ኮሌጁ ደብዳቤ ነው። ስሟ ያለበትን የላይኛውን ክፍል በጥንቃቄ ቀዳ ኪሷ ከተተች፤ የቀረውን ሰጠችኝ።

«ይሄን ያሳዩአት» አለችና ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ዓርብ እህቴ የምሳ እረፍቷ ላይ መንከባከቢያው ግቢ ውስጥ ባቆምኩት መኪና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወገቧን ለማሳረፍ ትራስ ይዛ ነው የመጣችው። አድቫይዘሯ ልትደውል አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። እያንዳንዱ ኮርስ ተዘርዝሯል፤ ከጎኑ ደግሞ አንድ ሐረግ እየተደገመ ይወርዳል፤ ተቀባይነት አላገኘም።

«የማን ነው?»

«አልነግርሽም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አልነግርሽም አልኩሽ።»

የተቀደደውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። የኮሌጁን ስም አየች፣ የኮርሶቹን ዓመት አየች። ከዚያ እኔን ታይ ጀመር።

«ጋሽዬ፣ ጋዎን የለበሰችው ናት፣ አይደል?»

እኔ በመስኮቱ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፏት እያየሁ ነበር።

«አንተ ስትደብቅ መስኮት ነው የምታየው» አለች። «ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርክ።»

ቃሌን በአፌ አላፈረስኩም። በፊቴ ግን አፍርሼው ይሆናል። ይህን እስካሁን ለራሴ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ስልኩ ጮኸ። እህቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። አድቫይዘሯ እንደ ማር የጣፈጠ እንግሊዝኛ ታወራለች፤ እህቴን በስሟ ትጠራታለች፣ ስለ ወገቧም ትጠይቃታለች። ፓስዎርዱ አልሠራ ብሏታል፤ አዲሱን እንድትነግራት ጠየቀቻት።

«እሱን እናቆየው» አለቻት እህቴ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። እናንተ ጋ ጨርሶ ነርስ ከሆነ አንድ ሰው ጋር አገናኚኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

«የተማሪዎቻችንን የግል መረጃ መስጠት አንችልም። ዌብሳይታችን ላይ ግን ታሪካቸውን ታገኚያለሽ።»

«እሺ፣ ሰውየው ይቅር። ክሬዲቱን የሚቀበል የአንድ ኮሌጅ ስም ንገሪኝ።»

«እሱ በተቀባዩ ኮሌጅ ይወሰናል።»

የካታሎጉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃል በቃል። እህቴም አወቀችው፤ ማክሰኞ ጮክ ብዬ አንብቤላት ነበር። አድቫይዘሯ ቀጥላ ቦታው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አስታወሰቻት።

«እንግዲያው ይዘጋ» አለቻትና ስልኩን አጠፋችው።

እህቴ ነፃ እንደወጣ ሰው አልነበረችም። ሰኞ ነርስ ልሆን ነው ያለችኝ ሴት ዓርብ ቀን ያቺው ረዳት ናት፤ ከሰዓት በኋላ የምታነሳቸው አራት ሽማግሌዎች ይጠብቋታል። ከቦርዱ ዝርዝር ውስጥ ለቤቷ የሚቀርበውን ኮሌጅ በስልኬ አሳየኋት። የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው፣ ትምህርቱም በአካል ነው። አየችው፣ ስልኩን መለሰችልኝ።

«እሱን ሌላ ቀን» አለች። በሩን ከፍታ ትራሷን አንስታ ከወጣች በኋላ ዝቅ ብላ አየችኝ። «እሷን እንዳትነግራት። እንዳወቅኩ።»

«ማንን?»

«ጎሽ» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሦስታችንም ተገናኘን። ሳህን ይዘን ተሰልፈን ነበር። ሴትዮዋ ከፊታችን ናት፤ ዞር ስትል እህቴን አየቻት፣ ቀጥሎ እኔን። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። ባለድግሷ መሀል ገብታ «አንቺ እኮ ትምህርቱን ቀደም ብለሽ ተገላገልሽው፣ እሷ ደግሞ ልትጀምር ነው አሉ!» ብላ እህቴን ጠቆመቻት።

ሴትዮዋ ሳህኗን በሁለት እጇ ያዘች። «ጀመርሽ እንዴ?» አለቻት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ተውኩት» አለች እህቴ። «ይሄ ወንድሜ ነገረኛ ነው፤ ካታሎጉን በሙሉ አስነበበኝ። ወገቤ ሳያንስ ዓይኔን ሊያጠፋው!»

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። እህቴ ከፊቷ ካለው ትሪ ዳቦ አንስታ ሴትዮዋ ሳህን ላይ አስቀመጠችላት። ነገረኛው እኔ ሆኜ ቀረሁ፤ ይገባኛልም።

ጋዜጠኛ ሲሳሳት ያርማል። ይህን ለወጣቶች አስተምሬያለሁ። ያን መልእክት ግን አላረምኩትም፤ ባርመው ሴትዮዋን በስሟ ማዋረድ ይሆናል። ያደረግኩት ሌላ ነገር ነው። የሹፌሩን ሚስት ሄጄ ካታሎጉን አሳየኋት፤ እንደምታስብበት ነግራኛለች፣ ምን እንደወሰነች አላውቅም። በፕሮግራሜ ላይ የነርሶች ቦርድ ዝርዝር እንዴት እንደሚታይ፣ ፓስዎርድም ለማንም እንደማይሰጥ ደጋግሜ እናገራለሁ። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ሲመጣም እደውላለሁ። ሰዎች ይቀየሙኛል። ባለፈው አንድ አባት «ልጄ መመረቋን ለአንተ በምስክር ላረጋግጥ?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘግተውብኛል።

ያ ቅጂ አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ከሐዘኑና ከሚከራየው ቤት መካከል፣ በዜና ድምፄ፣ እንኳን ደስ አለሽ እላለሁ። ሰምቶ የተመዘገበ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም። የማውቀው አንዷን ብቻ ነው።